የጅማ ዝናብ ከድሬዳዋ ይበልጣል? በፈተና ላይ የሚያስቱን የማወዳደሪያ ጥያቄዎች

የጅሬን ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። የምኖረው ጅማ፣ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ ነው። ለነጻ የትምህርት ዕድል ለማመልከት የኤስኤቲ ፈተና፣ ማለትም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን መግቢያ ፈተና፣ ልወስድ እየተዘጋጀሁ ነው። ታናሽ እህቴ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለምትቀመጥ ማታ ማታ አብረን እናጠናለን። ሒሳቡ አያስቸግረኝም። በእንግሊዝኛው ሰዋስው ግን ደጋግሞ የሚጥለኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ፤ ማወዳደሪያ።

ትናንት ማታ የሠራነውን ላካፍላችሁ። አንድ ጓደኛችን የልምምድ ጥያቄዎችን አይቶ በራሱ ያዘጋጀልን ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው ‹በጅማ የሚጥለው ዝናብ ከ… ይበልጣል› ይላል። ክፍት ቦታው ላይ አራት ምርጫ አለ። አንደኛው ‹ድሬዳዋ› ብቻ ነው። ሁለተኛው ‹ዛት ኦፍ ድሬዳዋ›፣ ሦስተኛው ‹ዞዝ ኦፍ ድሬዳዋ›፣ አራተኛው ‹ድሬዳዋ ሃዝ› ነው። እኔ አንደኛውን መረጥሁ፤ እህቴም እንደዚሁ። ጓደኛችን መልሱ ሁለተኛው ነው አለን።

ግራ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ‹የጅማ ዝናብ ከድሬዳዋ ይበልጣል› ብዬ ብናገር የማይገባው ሰው አለ? ጅማ ክረምቱን ሙሉ ብቻ ሳይሆን ከክረምት ውጭም የሚዘንብባት ከተማ ናት፤ ድሬዳዋ ደግሞ ሞቃትና ደረቅ ናት። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ ሰውም ይረዳዋል። ታዲያ ስህተቱ የቱ ላይ ነው?

---

አዌቱ ማዶ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጓደኛህ ልክ ነው። ዝናብ ከከተማ ጋር አይወዳደርም። ዝናብ የሚወዳደረው ከዝናብ ጋር ነው።

---

የጅሬን ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ደንቡን ግን አውቀዋለሁ፤ ያነበብሁት ሁሉ ‹ተመሳሳይን ከተመሳሳይ አወዳድር› ይላል። ችግሬ ከደንቡ ጋር አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ሳነበው ጆሮዬን ምንም አይጎረብጠውም። በኤስኤቲ የንባብና የጽሑፍ ክፍል 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ ነው የሚሠራው፤ ለአንድ ጥያቄ ከ70 ሰከንድ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ማለት ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጆሮዬ ካላስጠነቀቀኝ ደንቡ ትዝ አይለኝም። የምፈልገው ጆሮዬን የማነቃበት መንገድ ነው።

---

መምህር በጡረታ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅኸው፤ ለዚህም ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ። እንግሊዝኛ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ይህን ስህተት በደካማ ተማሪዎች ደብተር ላይ ብቻ አላየሁትም። ጎበዞቹም ይስቱታል። ብዙ ጊዜ የሚስቱትም ደንቡን ስለማያውቁ ሳይሆን አማርኛቸው ስለሚሸፍንላቸው ነው።

እንዴት እንደሚሸፍን ተመልከት። በአማርኛ ባለቤቱ ይቀድማል፤ ንብረቱ ይከተላል። ‹የጅማ ዝናብ› እንላለን። ጆሮ መጀመሪያ የሚይዘው ‹ጅማ›ን ነው። ወዲያው ‹ከድሬዳዋ› ሲመጣ ከተማ ከከተማ ጋር የተገናኘ ይመስላል፤ ጆሮም ይረካል። ዋናው ቃል፣ ማለትም ‹ዝናብ›፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ተውጦ ይቀራል። እንግሊዝኛ ግን በዚህ ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር ዝናቡን አስቀድሞ ቦታውን ያስከትላል። ፈታኙ የሚይዝህም በዚያ በቀደመው ዋና ቃል ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጣትህን በባለቤቱ ላይ አድርገህ ሸፍነውና የቀረውን ድምፅ አውጥተህ አንብብ። ‹ዝናብ ከድሬዳዋ ይበልጣል።› አሁን አልጎረበጠህም? ዝናብ ከከተማ የሚበልጠው በምን በምኑ ነው? ‹ጅማ› የሚለውን ስትሸፍን ምስክሩ ሸሸ፤ ስህተቱም ብቻውን ቀረ።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ደግሞ አለ፤ በጥሞና አንብበው። ብዙ ተማሪዎች ‹ዛት ኦፍ› የሚለውን ሐረግ ባዕድ ነገር አድርገው ይሸመድዱታል። ባዕድ አይደለም። አማርኛ ያንኑ ነገር በአንዲት ፊደል ይናገረዋል። ‹የጅማ ዝናብ ከድሬዳዋው ይበልጣል› በል። መጨረሻ ላይ የገባችው ‹ው› ሥራዋ ምንድን ነው? ‹የድሬዳዋው ዝናብ› ማለት ናት። ‹የሊሙ ቡና ከሐረሩ ይለያል› ስትልም ‹ሐረሩ› ከተማው አይደለም፤ የሐረሩ ቡና ነው። ያቺ ‹ሩ› ናት ‹ዛት ኦፍ›። ነገሩ ብዙ ሲሆን ደግሞ ‹የጅማ በርጩማዎች ከአዲስ አበባዎቹ ይከብዳሉ› ትላለህ። ‹ዎቹ› ‹ዞዝ ኦፍ› ናት።

እንግዲህ ጆሮህን የምታነቃው በዚህ ነው። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በልብህ ወደ አማርኛ መልሰህ ከ‹ከ› በኋላ በመጣው ቃል ላይ ‹ው›ን ወይም ‹ዎቹ›ን ጨምርበት። ትርጉሙ ሳይለወጥ ከተቀበለህ እንግሊዝኛው ‹ዛት› ወይም ‹ዞዝ› ያስፈልገዋል። ‹ጅማ ከድሬዳዋ ትቀዘቅዛለች› የሚለውን ሞክረው። ‹ጅማ ከድሬዳዋው ትቀዘቅዛለች› አይሆንም፤ ምክንያቱም እዚህ የተወዳደሩት ራሳቸው ከተሞቹ ናቸው። እንግሊዝኛውም ከተማውን ብቻ ይፈልጋል።

---

የጅሬን ልጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእህቴ አነበብሁላት፤ ‹ሐረሩ› የሚለው ላይ ስትደርስ ብድግ አለች። ያሳደገን ቋንቋ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ያላየነው ነገር ነው።

---

ከአጋሮ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

መምህር በጻፉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ጅማ ዙሪያ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ነገሩ ከአማርኛም ይልቅ ግልጽ ነው። ‹ሮብኒ ጂማ ከን ድሬዳዋ ጫላ› እንላለን። ያቺ ‹ከን› በመካከል የገባችው በትክክል ‹ዛት ኦፍ› ናት፤ ‹የድሬዳዋውን› ማለት ናት። ‹ጫላ› ደግሞ ‹በለጠ፣ ይበልጣል› ነው። ጫላ የሚባሉ ሰዎችን የማያውቅ የለም፤ ስሙ የመጣው ከዚሁ ቃል ነው።

ስለዚህ አፋን ኦሮሞ የምትናገሩ ተማሪዎች፣ ጥያቄውን በአማርኛ ብቻ አትመዝኑት። ‹ከን› የምትገባበት ቦታ ከሆነ ‹ዛት› ወይም ‹ዞዝ› ይገባል። እኔ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስፈተን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እንግሊዝኛን በአማርኛ በኩል ዞሬ ነበር የምማረው። የገዛ ቋንቋዬ አቋራጭ መንገድ እንዳለው ያወቅሁት በኋላ ነው።

---

ጤና መኮንን · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ይህ ነገር ከፈተና አዳራሽ አልፎ እንደሚሄድ ልመስክር። የመመረቂያ ጥናቴን ስጽፍ አማካሪዬ አንድ አንቀጽ ውስጥ አራት ቦታ በቀይ አሰመረበት። ‹የወንድ ታካሚዎች የደም ግፊት ከሴቶች ይበልጣል› በሚል መንፈስ የተጻፈ እንግሊዝኛ ነበር። ‹የደም ግፊትን ከሴቶች ጋር ነው ያወዳደርኸው› ብሎ ጻፈልኝ። በዚያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ የሚረዱት ነገር ነውና ምን አስጨነቀው ብዬ።

በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። በጥናት ላይ ንጽጽር ግልጽ ካልሆነ ቁጥሩም ግልጽ አይሆንም። ‹በገጠር ያለው የክትባት ሽፋን ከከተማ ያንሳል› ስል ከከተማው ሽፋን ማለቴ ነው? ነው እንላለን። አንድ ዓረፍተ ነገር ቆይቼ ግን ‹የገጠር እናቶች ከጤና ጣቢያ ይልቅ ዘመዶቻቸውን ያምናሉ› ብዬ ብጽፍ ማን ማንን እንደሚያምን አንባቢ ሊያመነታ ይችላል። እናቶቹ ጤና ጣቢያውን ከሚያምኑት በላይ ነው? ወይስ ጤና ጣቢያው ዘመዶቻቸውን ከሚያምነው በላይ? እንግሊዝኛው ይህን የሚለየው ከ‹ዛን›፣ ማለትም ከማወዳደሪያው ‹ከ›፣ በኋላ ትንሽ ግሥ ወይም መስተዋድድ በመድገም ነው።

መምህር ያልነኩትን አንድ መውጫ ልጨምር። ‹ዛት ኦፍ› ብቻ አይደለም መልሱ። መስተዋድዱን መድገምም ይቻላል፤ ‹በገጠር› ካልህ ‹ከበከተማ› እንደ ማለት፣ በእንግሊዝኛ ‹ዛን ኢን› ይሆናል። በአማርኛ ‹ከበ› ተብሎ አይነገርም፤ ስለዚህ ለእኛ እንግዳ ይመስላል። ከምርጫዎቹ አንዱ ‹ዛን ኢን ድሬዳዋ› ቢሆን ኖሮ እርሱም ትክክል ነው። ‹ዛት› የሚል ቃል የሌለበትን ሁሉ ስህተት ነው ብላችሁ አትዝለሉት።

---

ግቤ ማዶ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

በሙያዬ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ፤ ስለ ቁጥር ንጽጽር ልናገር። ከጅማ ብዙም የማይርቀው ግልገል ግቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግቤ ሦስት ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ስታካፍሉት ከአሥር እጥፍ ጥቂት ይበልጣል።

አሁን እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ያው የቀደመው ነው። ‹ከግልገል ግቤ አንድ በተለየ መልኩ፣ የግቤ ሦስት አቅም 1,870 ሜጋ ዋት ነው› የሚል ዓረፍተ ነገር ፈተና ላይ ሲመጣ ጆሮአችን አሁንም ዝም ይላል። ግን በመግቢያው ሐረግ ላይ የቆመው ግድብ ነው፤ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ የቆመው ደግሞ አቅም ነው። ግድብ ከአቅም አይለይም። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ መምጣት ያለበት ግድቡ ራሱ ነው፤ ‹ግቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል› ተብሎ። ‹አንላይክ› ወይም ‹ላይክ› በሚል ቃል የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ስታዩ ወዲያው ወደ ነጠላ ሰረዙ ሂዱና ቀጥሎ ያለውን ስም ብቻ ተመልከቱ። የቀረውን አንብባችሁ ጊዜ አታባክኑ።

ሁለተኛው ‹እጥፍ› ነው። ‹የግቤ ሦስት አቅም የግልገል ግቤ አንድ አሥር እጥፍ ነው› እና ‹በአሥር እጥፍ ይበልጣል› አንድ አይደሉም። ለሚቆጥር ሰው ሁለተኛው አሥራ አንድ እጥፍ ማለት ነው፤ የነበረው አንዱ ላይ አሥር ተጨምሮበታልና። በእንግሊዝኛም ‹ቴን ታይምስ አዝ ማች አዝ› የሚለው ነው ጥርት ያለው። ‹አዝ› ሲከፈት በ‹አዝ› ይዘጋል፤ ‹ዛን› አይገባበትም። ይህን ሳይጨርሱ የሚተዉ ብዙ ናቸው። ‹አዝ ማች› ብለው ይጀምሩና ‹ዛን› ብለው ይዘጉታል።

---

የቋንቋ ወዳጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሁላችሁም በቅንነት ነው የምትጽፉት፤ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ‹የጅማ ዝናብ ከድሬዳዋ ይበልጣል› የሚለው አማርኛ ስህተት ነው የሚል መንፈስ እንዳይሰርጽ። ስህተት አይደለም። አያቶቻችን እንደዚህ ሲናገሩ ኖረዋል። የሚደገመውን ቃል መተው በአማርኛ የንግግር ወግ ነው፤ ሰሚው የሚያውቀውን ነገር አለመድገም አክብሮት ጭምር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ቢሆኑ በአፋቸው ሲያወሩ ይተዉታል። ልጆቻችን ለአንድ ፈተና ብለው የራሳቸውን ቋንቋ እንደ ጎደሎ ማየት ከጀመሩ ያገኙት ነጥብ ያጡትን አይክስም።

---

መምህር በጡረታ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ወዳጄ፣ የተናገርኸው እውነት ነው፤ በግልጽ አለመጻፌም ጉድለት ነበር። አማርኛው ልክ ነው። ፈተናው የሚለካው ሰው የሚያወራውን እንግሊዝኛ ሳይሆን ታርሞ የታተመውን እንግሊዝኛ ነው። በዚያ ጽሑፍ የተተወው ቃል መመለስ አለበት ይላሉ። ይህ የጽሑፍ ልማድ ነው፤ የአስተሳሰብ ብልጫ አይደለም።

‹ው›ን የጠቀስሁትም ለዚሁ ነው። አማርኛ ሲፈልግ ይተወዋል፤ ሲፈልግ በአንዲት ፊደል ያመጣዋል። ሁለቱንም የሚችል ቋንቋ ጎደሎ ሊባል አይችልም።

ሳልጠየቅ አንድ እርማት በራሴ ላይ ላድርግ። ‹ው› በሰው ስምና በተውላጠ ስም ላይ አትሠራም። ‹የእኔ ቤት ከአንተ ይርቃል› የሚለውን ‹ከአንተው› ብትለው ሌላ ትርጉም ይይዛል። እዚያ የሚገባው ‹ከያንተ› ነው፤ በእንግሊዝኛም ‹ዩርስ› ነው እንጂ ‹ዩ› አይደለም። ለሰው ስም ደግሞ ይህን የጅማ ምሳሌ ውሰዱ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከ1878 እስከ 1932 ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በንጉሠ ነገሥትነት የቆዩት ከ1889 እስከ 1913 ነው። ‹የአባ ጅፋር ዘመን ከምኒልክ ይረዝማል› ቢባል ዘመን ከሰው ጋር ተወዳደረ። አባ ጅፋር በቁመታቸው የታወቁ ስለነበሩ ደግሞ ‹ይረዝማል› የሚለው ቃል አንባቢን ይበልጥ ያሳስተዋል። እዚህ ‹ው› አትረዳንም፤ ‹ከምኒልክ ዘመን› ብለን ስሙን እንመልሳለን። እንግሊዝኛ ይህን ‹ምኒልክስ› ብሎ፣ የባለቤትነት ምልክቷን አስገብቶ ብቻ ይጨርሰዋል። ከምርጫዎቹ መካከል ያቺን ምልክት የያዘ ስም ካያችሁ ሳትመረምሩ አትለፉት።

---

አዌቱ ማዶ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

እኔ ደግሞ ብዙ የምሳሳተው በ‹ከ› ላይ ነው። ‹ከ› ለእኛ አንድ ናት። ለእንግሊዝኛ ሦስት ናት። ‹ከጅማ መጣሁ› ስንል ‹ፍሮም› ነው። ‹ከእርሱ ይረዝማል› ስንል ‹ዛን› ነው። ‹ከሻይ ቡና እመርጣለሁ› ስንል ደግሞ ‹ፕሪፈር› የሚለው ግሥ ስላለ ‹ቱ› ነው። ‹ቤተር ፍሮም› ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ‹ከ›ን በቀጥታ እየተረጎመ ነው። ‹ከ… የተለየ› ስንል ግን ‹ዲፈረንት ፍሮም› ልክ ይሆናል። ስለዚህ ከ‹ከ› አትነሡ፤ በእንግሊዝኛው ከቀደመው ቃል ተነሡ። እርሱ ነው የሚመርጠው።

---

የጅሬን ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

እህቴ እንድጠይቅላችሁ የፈለገችው አለ። የእንግሊዝኛ መምህሯ ‹ሞር ቤተር› የሚለውን ሰረዘባት። ‹ታዲያ ማስታወቂያው ሁሉ የበለጠ የተሻለ ይል የለ?› ትላለች።

---

ከአጋሮ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ለእህትህ ንገራት፤ ጥሩ ታዝባለች። በአማርኛ ‹የበለጠ የተሻለ› እየተባለ ስለሚነገር ነው ‹ሞር ቤተር› የማይጎረብጣት። እንግሊዝኛ ግን አንዴ ከበለጠ በቃው። ‹ቤተር› ውስጥ ‹የበለጠ› የሚለው ገብቷል። ረዥም ቅጽል ‹ሞር› ይቀድመዋል፤ አጭሩ መጨረሻው ላይ ‹ኧር› ይጨምራል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚጭን ምርጫ ሁልጊዜ ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ምርጫ ሳያዩ የሚሰርዙት ነውና ነጥብ ይሰጣል።

---

ጤና መኮንን · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

‹ያነሰ› የሚለውንም እንዳትረሱ። እኛ ‹ያነሰ ውኃ›ም ‹ያነሱ ሰዎች›ም እንላለን፤ ቃሉ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ለሚቆጠር ‹ፊወር›፣ ለማይቆጠር ‹ሌስ› ይላል። ቡና ‹ሌስ›፣ ሲኒ ‹ፊወር›። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

---

ግቤ ማዶ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ስለ ፈተናዎቹም መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ተማሪዎች የቆየ መጽሐፍ ገዝተው እንዳይደክሙ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኤስኤቲ ከአሜሪካ ውጭ ከመጋቢት 2023 ጀምሮ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በኮምፒውተር ሆኗል። ከዚያ በፊት የነበረው ፈተና ረዣዥም ምንባቦች ነበሩት፤ ንጽጽርም ራሱን የቻለ የሰዋስው ርእስ ሆኖ ይጠየቅ ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ ጥያቄ አጭር ምንባብ ነው ያለው፤ የንጽጽር ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማክሰኞ እንደጻፍሁት በመግቢያ ሐረግና በነጠላ ሰረዝ በኩል ነው። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ይታወቅ የነበረው ጂማት፣ ማለትም የንግድ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና፣ ደግሞ በ2023 መጨረሻ አዲሱ ቅጹ ሲመጣ የዓረፍተ ነገር ማረሚያ ክፍሉን አስወጥቷል። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው ቶፍልም በ2005 በኢንተርኔት መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በዚያ ቅጹ ለብቻው የቆመ የሰዋስው ክፍል የለውም።

ታዲያ ለምን እንለፋለን? በቶፍል በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ፤ ጽሑፋችሁን የሚያርመው ሰዋስዋችሁን ያያል። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተናም የእንግሊዝኛው ወረቀት ሰዋስው ይጠይቃል። ለኤስኤቲ ልምምድ ብሉቡክ የሚባለው የፈተናው የራሱ መተግበሪያና ካን አካዳሚ በነጻ ይገኛሉ። ኔትወርኩ በሚሻልበት ሰዓት አውርዳችሁ ብታስቀምጡት ይሻላል።

---

መምህር በጡረታ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጄ፣ ለአንተና ለእህትህ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ልስጣችሁ። በአማርኛ ነው የጻፍኋቸው፤ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሳችሁ፣ ሲታረሙ የት ላይ ምን እንደሚጨመር ንገሩኝ። አንዳንዱ ምንም እርማት አይፈልግም።

የሊሙ ቡና ጣዕም ከይርጋጨፌ ይለያል።
ራስ ዳሽን ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ይረዝማል።
ጅማ ከአጋሮ ትሰፋለች።
ከአንድ ግንድ የሚጠረቡት የጅማ በርጩማዎች ከፋብሪካ ይጠነክራሉ።
ራስ ዳሽን ከሱዳን ተራሮች ሁሉ ይረዝማል።
ቡናው በተቆላ ቁጥር ቀለሙ ይጠቁራል።

---

የጅሬን ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40

መምህር፣ ተጨቃጭቀን ሠራናቸው።

አንደኛው ላይ የሊሙን ሸፈንን፤ ‹ጣዕም ከይርጋጨፌ ይለያል› ሆነ፤ ጎረበጠን። ‹ከይርጋጨፌው› ስንለው ተስተካከለ። ስለዚህ ‹ዛት ኦፍ›። ‹ይለያል› ስላለ ደግሞ ‹ዛን› ሳይሆን ‹ፍሮም› ነው፤ ይህን የያዘችው እህቴ ናት።

ሁለተኛው ላይ ተለያየን። እኔ እርማት አያስፈልገውም አልሁ፤ እርስዋ የሆነ ነገር ጎድሏል አለች፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ሦስተኛው ከተማ ከከተማ ስለሆነ ምንም አልነካነውም። አራተኛው ላይ ‹ዛት ኦፍ› ጨመርን። አምስተኛውን እንደ ሁለተኛው አየነው። ስድስተኛው ‹ዘ ሞር… ዘ ዳርከር› እንደሚሆን ገመትን፤ ‹በ… ቁጥር› የሚለው ሁለት ጊዜ ‹ዘ› እንደሚፈልግ አንድ ቦታ አይተን ነበር።

---

መምህር በጡረታ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10

አንደኛው፣ ሦስተኛውና ስድስተኛው ያለ ነቀፋ ነው።

ሁለተኛው ላይ እህትህ ትክክል ናት። ራስ ዳሽን ራሱ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ተራራ ነው። ‹ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ› ሲባል ራሱም ከተራሮቹ አንዱ ስለሆነ ከራሱ ይረዝማል ማለት ይሆናል። አማርኛ ይህን አይጠይቅም፤ ሰሚው ያውቃልና። እንግሊዝኛ ግን ‹ኤኒ አዘር› ብሎ ራሱን እንዲያወጣ ይጠይቃል። ‹ከሌሎች የኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ› እንደ ማለት ነው።

አምስተኛው ግን ተመሳሳይ መስሎ ተለየ። ራስ ዳሽን ሱዳን ውስጥ የለም። ስለዚህ ‹አዘር› አይገባም፤ ቢገባ ራስ ዳሽን ከሱዳን ተራሮች አንዱ ነው ማለት ይሆናል። ይህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚጠይቅ ፈታኝ ካጋጠማችሁ አትደንግጡ። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ነገር ከእነዚያ ውስጥ አለ ወይስ የለም?

---

አዌቱ ማዶ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡25

መምህር፣ አራተኛውን ረሱት።

---

መምህር በጡረታ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡40

አመሰግናለሁ፤ እውነት ነው። አራተኛው ላይ ባለቤቱን ሸፍናችሁ ‹በርጩማዎች ከፋብሪካ ይጠነክራሉ› መሆኑን ማየታችሁ ጥሩ ነው። ግን ‹ዛት› አይደለም፤ በርጩማዎቹ ብዙ ናቸው። በአማርኛ ‹ከፋብሪካዎቹ› ብትሉ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የተቆጠሩ ይመስላል፤ ስለዚህ ‹ከፋብሪካ ከሚወጡት› በሉት። ‹ከሚወጡት› የሚለው ላይ ያለው ‹ጡት› ብዙነቱን ይነግራችኋል። ‹ዞዝ› ነው፤ ከዚያም ‹ሜድ ኢን ኤ ፋክተሪ› ይከተላል።

---

የጅሬን ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡55

ደብተራችን ላይ አስተካክለነዋል። እህቴ ‹ዞዝ› ብላ ቤታችን ባለው በርጩማ ላይ በጠመኔ ጻፈችበት።